ሳተላይትና የምድር ጦር ሒሳብ



ባለፈው ክርክር ሳተላይት ለምድር ጦር ገንዘብ ማባከን ነው ብለን ነበር፤ ዛሬ ፍርዳችንን በከፊል እናነሣለን። እ.ኤ.አ. በ1991 በባሕረ ሰላጤው ጦርነት የአሜሪካ ጦር ምልክት በሌለው በረሃ አቅጣጫውን የጠበቀው በጂ.ፒ.ኤስ. እየተመራ ነው። ያን ጊዜ 24ቱ ሳተላይቶች እንኳ ገና አልተሟሉም። የጎደለው ግን ከሰማይ ይልቅ በምድር ነበር፤ የወታደር መቀበያ መሣሪያ ስላነሰ ለሲቪል የተሠራው ከገበያ ተገዛ፤ ከቤተሰቡ በፖስታ ያስላከም ወታደር ነበረ! እንግዲህ ቢሊዮን ዶላር የፈሰሰበት ሥራ ፍሬ የሰጠው በእጅ በምትያዝ ዕቃ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ በዩክሬን ደግሞ ሩሲያውያን አንድም ሳተላይት ሳይመቱ የራዲዮ ሞገዱን ብቻ በማወክ፣ በጂ.ፒ.ኤስ. የሚመራውን ውድ የመድፍ ጥይት ዒላማውን አሳቱት። ስለዚህ መቀበያው፣ ከሞገድ ማወክ መከላከያውና የካርታና የኮምፓስ ትምህርቱ ወጪ ሳይደመር የሚቀርብልንን ሒሳብ አንቀበልም። የሚቃወመን ካለ መድረኩን እንለቃለን።