ከትልቁ ሞተር ጀርባ ያየሁት
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በማኅበሩ የሒሳብ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)



ሊቀ መንበራችን እትዬ «ቁጥር ብቻ እያነበብሽ አታስተኚን፤ የሞተሩንም ነገር ንገሪን» ስላሉኝ የሒሳብ ሪፖርቱን ከማቅረቤ በፊት ጥቂት ደቂቃ እወስዳለሁ። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ከአንዲት የውጭ አገር እንግዳ ጀርባ ሆኜ በትልቅ ሞተር ከተማውን አቋርጬ ስወጣ ያየኝ ሰው ብዙ ነው። ከዚያ ወዲህ ቡና ላይም፣ ቅዳሜ ገበያም ላይ የሚጠይቀኝ አልጠፋም። ታሪኩን የማወራው ግን ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ዛሬ ከምንወስንባቸው ጉዳዮች አንዱ ለቁጠባ ሰብሳቢዎቻችን ሞተር የመግዛት ሐሳብ ነው። ከደጋፊዎቻችን መካከል «የላስታ መንገድ ከባድ ስለሆነ ጠንከር ያለ ትልቅ ሞተር ይገዛ» ያሉ አሉ። እኔም በትልቁ ሞተር ላይ ተቀምጬ ያየሁትን ብነግራችሁ ለውሳኔው ይጠቅማል ብዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሸና ያሉትን የቁጠባ ቡድኖች መዝገብ ለማየት ስነሣ የጠዋቱ መኪና አምልጦኝ ነበር። እንግዳዋ ደግሞ በዚያው በኩል ወደ ባሕር ዳር ልትሄድ ጓዟን ትጭናለች። ብቻዋን ከአገር አገር የምትዞር፣ ዕድሜዋ ከእኔ እናት የማያንስ ሴት ናት። ትርፍ ሄልሜት አውጥታ ሰጠችኝና «ነጠላሽን ጠቅልለሽ ጃኬት ውስጥ አስገቢ» አለችኝ። ይህን ምክር ሁላችሁም ያዙት። የሚንዘላዘል ልብስ ከሞተር ጎማ ጋር ሲጠላለፍ ሰው ይገድላል።

ሞተሩ ቢኤምደብሊው አር 1200 ጂኤስ ይባላል። ኩባንያው ለአስፋልትም ለጠጠር መንገድም እንዲሆን አድርጎ የዚህን ዘር የመጀመሪያውን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ኢዋን ማክግሬገርና ቻርሊ ቦርማን የተባሉ ሁለት ተዋንያን ከስኮትላንድ ተነሥተው በአገራችን አልፈው እስከ ኬፕታውን የዘለቁት በዚሁ ዓይነት ሞተር ነበር። ሁለት ሲሊንደሮቹ ከግራና ከቀኝ እንደ ክርን ወጣ ወጣ ብለዋል። ፒስተኖቹ እንደ ቡጢ ወደ ውጭ ስለሚወረወሩ «ቦክሰር» ይሉታል። በእኛ መንደር የምናውቀው ባጃጅ ቦክሰር ከዚህ ጋር የሚገናኘው በስም ብቻ ነው። የእኛው አንድ ሲሊንደር ብቻ ያለው 150 ሲሲ ሲሆን ያኛው 1,170 ሲሲ ነው፤ ስምንት እጥፍ ገደማ ማለት ነው።

ከከተማ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ያለውን አስፋልት ቁልቁል ስንወርድ ሞተሩ ድምፁ ወፈር ያለ እንጂ የሚጮኽ አይደለም። ኩርባው ላይ ጋደም ስንል እኔም አብሬ እንድጋደም ነግራኝ ነበር። መጀመሪያ ሰውነቴ እምቢ አለ፤ ሦስተኛው ኩርባ ላይ ለመደው። ፈርተሽ ነበር ወይ ለምትሉኝ፣ አዎ፣ እስከ ሦስተኛው ኩርባ ፈርቻለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ዓይኔን ገልጬ አገሬን ማየት ጀመርኩ። በመኪና መስኮት የምናየው ቁራጭ ቁራጩን ነው። እዚያ ላይ ሆኖ ግን የታጨደው ገብስ ሽታ፣ የቆላው ሙቀት፣ ከደጋው የሚወርደው ብርድ ሁሉም ፊት ላይ ይመጣል። የአቡነ ዮሴፍ ተራራም ከኋላችን ቀርቶ እንኳ ዞር ባልኩ ቁጥር አለ።

ከሹምሸሃ ወዲያ ፒስታው ሲጀምር እንግዳዋ ከኮርቻዋ ተነሥታ በእግር መርገጫው ላይ ቆመች። በድንጋይ ላይ የሚነዳው እንዲህ ነው፤ ጉልበት እንደ ሞላ ሆኖ ንዝረቱን ይውጣል፣ ሞተሩም ከሥር እንደ ልቡ ይወዛወዛል። ዳገቱ ላይ ሌላም ነገር አስተዋልኩ። ከፍታ ሲጨምር አየር ይሳሳል። ከተማችን ባለችበት 2,500 ሜትር ግድም ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፉ ከአምስት አንድ እጅ በላይ የሳሳ ነው። ስለዚህ ካርቡራተር ያላቸው ትንንሾቹ ሞተሮቻችን ዳገት ላይ ያቃስታሉ፣ ያጨሳሉም። ትልቁ ሞተር ቤንዚኑን በአየሩ ልክ የሚመጥን መሣሪያ አለው፤ ጉልበቱም ትርፍ ስለሆነ መቀነሱ አይታወቅም። እኛ ሁለታችንንና ጓዙን ይዞ ሽቅብ ሲወጣ በቅሎ እንኳ እንዲህ አትወጣም አልኩ።

እስከዚህ ድረስ ካደመጣችሁኝ «እንግዲያው እሱን እንግዛ» ትሉ ይሆናል። ቀጥሎ የሆነውን ስሙ።

አንድ ጥምዝ ላይ ከብቶች መንገዱን ሞልተው ስለነበር ቆምን። እንግዳዋ እግሯን ያሳረፈችበት ጠጠር ተንሸራተተና ሞተሩ ቀስ ብሎ በጎኑ ተኛ። ሁለታችንም አልተጎዳንም፤ ያ ወጣ ያለው ሲሊንደርና መከላከያ ብረቱ እግራችንን አዳነልን። ማንሣቱ ግን ሌላ ሥራ ሆነ። ይህ ሞተር ቤንዚን ሞልቶ ወደ 240 ኪሎ ይመዝናል። ጓዙ ሲጨመር ሦስት ኩንታል ጤፍ ይጠጋል ማለት ነው። እሷ ጀርባዋን ለኮርቻው ሰጥታ፣ ቁጢጥ ብላ በእግሯ ጉልበት ወደ ኋላ እየገፋች፣ እኔና ሁለት እረኞች ከጎን እየደገፍን ሻንጣው ከወረደ በኋላ ቆመ። እረኞቹ ባይኖሩ ኖሮ መንገደኛ እስኪመጣ እንጠብቅ ነበር።

እዚያ ቆሜ ያሰብኩት ስለ ቁጠባ ሰብሳቢዎቻችን ነው። ወርኃዊ መዋጮ ይዛ ከቀበሌ ቀበሌ የምትሄድ ሴት ሞተሯ ቢወድቅባት ብቻዋን ማንሣት አለባት። ገንዘብ በያዘች ቀን መንገድ ዳር ቆማ የማታውቀውን ሰው «አግዘኝ» ማለት የለባትም። በዚያ ላይ የትልቁ ሞተር ኮርቻ ከመሬት 85 ሳንቲ ሜትር ነው። ጋሸና ደርሰን ብቻዬን ስቀመጥበት የእግሬ ጣት ብቻ ነው መሬት የነካው። ከእኔ የሚያጥሩ ሰብሳቢዎች አሉን።

የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ወደ ሒሳቡ ልምጣ። ትልቁ ሞተር በመቶ ኪሎ ሜትር አምስት ሊትር ገደማ ቤንዚን ይጠጣል፤ ትንሹ ከዚያ ከግማሽ በታች ይበቃዋል። የትንሹ ክብደት የትልቁ ግማሽ ያህል ነው። ጎማው፣ ሰንሰለቱ፣ የፍሬን ሸራው ወልድያ ይገኛል፤ የሚጠግነውም ልጅ በከተማችን አለ። ትልቁ ሰንሰለት የለውም፣ ኃይሉ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው በዘንግ ነው። ጥሩ ሥራ ነው፤ ግን አንድ ዕቃ ቢሰበር ከባሕር ማዶ እስኪመጣ ሞተሩ ይቆማል፣ ቁጠባውም አብሮ ይቆማል። ዳገት ላይ የሚያቃስት ሞተር ቀስ ብሎም ቢሆን ይደርሳል፤ የቆመ ሞተር ግን አይደርስም።

ትንሽ ሞተር እንግዛ ስል ሴት ትልቁን አትችልም ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ጣሊያን አገራችንን በወረረበት በ1935 እ.ኤ.አ. ፍሎረንስ ብሌንኪረንና ቴሬዛ ዋላክ የተባሉ ሁለት ሴቶች ከለንደን ተነሥተው ሰሐራን አቋርጠው ኬፕታውን ገብተዋል። የነዱት ፓንተር የሚባል 600 ሲሲ ሞተር ከነጎን ጋሪውና ከነተሳቢው ነበር። ኤልስፔት ቢርድ የተባለች እንግሊዛዊት ደግሞ ከ1982 እስከ 1984 እ.ኤ.አ. ዓለምን በሞተር ዞራለች። በእኛስ አገር እናቶቻችን ገደሉን በበቅሎ ሲወጡ አልኖሩም? በቅሎ ሲመረጥ ግን ለመንገዱና ለተቀማጩ የምትስማማው ትመረጣለች እንጂ ትልቋ ስለሆነች ብቻ አትገዛም።

ስለዚህ ለጉባኤው ሦስት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በአንድ ትልቅ ሞተር ዋጋ ፈንታ ትንንሽ ሞተሮች ይገዙ፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሠራልና። ሁለተኛ፣ ከሞተሩ በፊት ሰዎቹ ይታሰቡ፦ ለሰብሳቢዎቻችን ማሠልጠኛ፣ መንጃ ፈቃድ፣ ሄልሜትና ጠንካራ ጫማ በበጀቱ ይግባ። ከወንድ ጀርባ በአንድ ጎን ተቀምጠው የሚሄዱ ሳይሆኑ ራሳቸው መሪውን የሚይዙ ይሁኑ። ሦስተኛ፣ ሞተሩ ከተገዛበት ወር ጀምሮ የጥገናና የእርጅና ተቀናሽ በየወሩ በተለየ ሒሳብ ይቀመጥ። በልገሳ የመጣ ዕቃ በልገሳ ብቻ አይኖርም።

ክቡራን ደጋፊዎቻችን፣ ትልቁን ያሰባችሁልን በፍቅር እንደሆነ እናውቃለን፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ፎቶግራፍ ላይ ትንሹ ሞተር ደመቅ ብሎ ላይታይ ይችላል። ነገር ግን እማማ ቅዳሜ ከተማ መውረድ ስላቃታቸው የቁጠባ ተራቸው እንዳያልፍ በራቸው ድረስ የሚደርስላቸው እሱ ነው።

አሁን ወደ ሒሳብ ሪፖርቱ እሄዳለሁ፤ ከዚያ በኋላ በሞተሩ ጉዳይ እጅ እናወጣለን።