ከታንኳ ወደ ትልቅ የማጥመጃ ጀልባ
(በጣና ዳር ለሚኖሩ ገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ብዙዎቻችሁ በየደጃችሁ የምትመካከሩበት ነው። በደንገል ታንኳ ሲያጠምድ የኖረ ሰው ጥቂት ገንዘብ ሲያጠራቅም፥ ወይም ከጎረቤቱ ጋር ሲዋዋል፥ ትልቅ ጀልባ ለመግዛት ያስባል። አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን የጀልባ ዕዳ እንደ በሬ ዕዳ አይደለም። በሬ ቢሞት ቆዳው ይቀራል፤ ጀልባ የሰጠመ እንደ ሆነ ግን ሰውንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ገንዘባችሁን ከመቁጠራችሁ በፊት ጥቂት ብታደምጡኝ እወዳለሁ።

ታንኳን የሚንቅ ሰው ታንኳን አያውቃትም። ደንገሉ ከዳር ይታጨዳል፥ በፀሐይ ይደርቃል፥ ይታሰራል፤ ሲያረጅም ሌላ ይሠራል። ጉድለቷ ውኃ መጠጣቷ ነው፤ ከየጉዞው በኋላ ወጥታ ካልደረቀች ትከብዳለች፥ ዕድሜዋም ያጥራል። ዓሣውም በእርጥብ ደንገል ላይ በፀሐይ ተጋልጦ ይውላል። ዳሩ ግን አንድ ትልቅ ጸጋ አላት። ማዕበል ቢያለብሳት፥ ብትገለበጥም እንኳ፥ አካልዋ ራሱ ተንሳፋፊ ስለ ሆነ በላይዋ የተንጠለጠለውን ሰው ትሸከማለች። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 ከጣና በተወሰደ ደንገል «ራ» የምትባል መርከብ ግብፅ ውስጥ አሠርቶ ከሞሮኮ ተነሥቶ አትላንቲክን ሊሻገር ሞክሮ ነበር። ሁለት ወር ያህል ከተጓዙ በኋላ የመርከቧ ኋላ ውኃ ጠጥቶ ስለ ተበላሸ ሰዎቹ ሊተዋት ግድ ሆነባቸው፤ ግን ሁሉም በሕይወት ተረፉ።

የጣውላ ጀልባ፥ ይልቁንም የፋይበርግላስና የብረት ጀልባ፥ ይህ ጸጋ የለውም። የሚንሳፈፈው በውስጡ ባለው አየር ነው። ውኃ የሞላው ቀን የጣውላው እንኳ ከነሞተሩና ከነጭነቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሰው አይሸከምም። እንግዲህ ከታንኳ ወደ ጀልባ የሚያልፍ ሰው ታንኳዋ በነፃ ትሰጠው የነበረውን ደኅንነት በገንዘቡና በእጁ መልሶ መግዛት አለበት። ሻጮች ስለ ሞተሩ ጉልበት ብዙ ይናገራሉ፤ ስለዚህ ነገር ግን ሲያነሡ ብዙም አይሰማም።

ጣናን እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ ሳለ ጥልቀቱ እጅግ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ነው። ሰፊ ውኃ ጥልቀት ሲያንሰው ነፋስ የሚያነሣው ማዕበል አጭር፥ ቀጥ ያለና ተከታታይ ይሆናል። ጧት ውኃው እንደ መስተዋት ተኝቶ ይቆይና ከቀትር በኋላ ይነሣል። ስለዚህ ጀልባ የሚመረጠው ጧት ባዶውን ሲሄድ ታይቶ አይደለም። ከሰዓት በኋላ ዓሣውንና እርጥቡን መረብ ተሸክሞ ነፋስ ፊት ለፊት እየመታው ሲመለስ ምን ይሆናል ብላችሁ ጠይቁ።

የመመለሻውን ጭነት አብረን እንደምር። ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው 65 ኪሎ ቢመዝኑ 130 ኪሎ፤ አነስተኛ ሞተር 40 ኪሎ፤ 20 ሊትር ቤንዚን 15 ኪሎ፤ የራሰ መረብ 30 ኪሎ፤ በረዶና ሣጥኑ 50 ኪሎ፤ ዓሣ 100 ኪሎ። ድምሩ 365 ኪሎ፥ ማለት ከሦስት ኩንታል ተኩል በላይ ነው። «ልጄም ይከተለኛል» ካላችሁ የእርሱንም ጨምሩ። ሒሳቡ ከተያዘ በኋላ ሻጩ ጀልባውን ወደ ውኃ እንዲያወጣው ጠይቁ። ሁለታችሁም ግቡ፤ ሞተሩና ቤንዚኑ በቦታቸው ይሁኑ፤ በመረቡ፥ በበረዶውና በዓሣው ምትክ ግማሽ ግማሽ ኩንታል የሚመዝኑ አራት የአሸዋ ጆንያዎች ጫኑ። ትርፉ 20 ኪሎ ለጥንቃቄ ነው። ከዚያ ከውኃው እስከ ጀልባው ጠርዝ ዝቅተኛው ቦታ ድረስ ለኩ። ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ካልተረፈ፥ ጀልባው ቢያምርም፥ ዋጋው ቢረክስም፥ ለእናንተ አይሆንም። ይህን ፈተና የማይፈቅድ ሻጭ ካጋጠማችሁ ተሰናብታችሁት ሂዱ።

ጭነቱ ሳይወርድ አንድ ነገር ደግሞ ሞክሩ። በወገብ ጥልቀት ላይ ሁለታችሁም መረብ እንደሚስብ ሰው በአንድ ወገን አጎንብሱ። መረብ ሲሳብ ሁልጊዜ የሚሆነው ይኸው ነውና ጠርዙ ውኃ የሚቀዳ ከሆነ ጀልባው ለመረብ ሥራ ጠባብ ነው። ረዥምና ቀጭን ጀልባ በመቅዘፊያ ይፈጥናል፤ ለመንጠቆና ለአንድ ሰው ደኅና ነው። ሆዱ ዝርግ የሆነው በጸጥታ ውኃ እንደ መደብ ይረጋል፥ ወደ ዳርም ይቀርባል፤ በማዕበል ግን ሆዱ እየተመታ ይንገጫገጫል፥ ሰውንም ያለብሳል። ለመረብ ሥራ እኔ የምመርጠው ሆዱ መጠነኛ ዝርግ፥ ፊቱ ግን ከፍ ብሎ የሾለውን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ዕቃ እንምጣ። ክዳናቸው በደንብ የሚገጥም ባለ 20 ሊትር ባዶ ጀሪካኖች ፈልጉ። የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት አይሁን፤ ዓሣ በሚጫንበት ጀልባ እንዲህ ያለ ዕቃ አይገባም። እያንዳንዱ ጀሪካን ውኃ ውስጥ ሲገባ 19 ኪሎ ያህል ወደ ላይ ይገፋል፤ ስምንቱ አንድ ኩንታል ተኩል ማለት ናቸው። ከመቀመጫዎቹ ሥር በሁለቱም ወገን እኩል አድርጋችሁ ከጀልባው አጥንት ጋር በጠንካራ ገመድ እሰሩ። እንዲያው የተቀመጠ ጀሪካን ጀልባው ሲሞላ ብቻውን ተንሳፎ ይሄዳል፥ ለእናንተ የሚተርፈው ምንም የለም። ከዚያም ሞተሩን ፈትታችሁ በቦታው ግማሽ ኩንታል ድንጋይ አኑሩና ጀልባውን በወገብ ጥልቀት ላይ ሆን ብላችሁ ውኃ ሙሉበት። ሁለታችሁም ጠርዙን ይዛችሁ ተንጠልጠሉ። ተሸክሟችሁ ከቆየ መልካም ነው፤ ወደ ታች ከወረደ ጀሪካን ጨምሩ። ጎረቤት ቢስቅባችሁ ይሳቅ።

ሕይወት አድን ጃኬት ለእያንዳንዱ ሰው ያስፈልጋል፤ ይኸውም የሚለበስ እንጂ የሚቀመጡበት አይደለም። ዋና የሚችል ሰውም ቢሆን በመረብ ከተጠላለፈ ወይም ከበረደው ክንዱ ይከዳዋል። ሞተር ቢኖርም ሁለት መቅዘፊያ፥ ውኃ መጥለቂያ የሚሆን የተቆረጠ ጀሪካን በገመድ ታስሮ፥ መረብ ፕሮፔለሩን ሲይዘው የሚቆርጥ ስለታም ቢላዋ፥ ባትሪና ፊሽካ አይጉደሉ። ስልክ በላስቲክ ተጠቅልሎ በአንገት ይንጠልጠል። የመልሕቅ ገመድ የውኃውን ጥልቀት ሦስት እጥፍ ቢሆን ይይዛል፤ በጣና 40 ሜትር ያህል ይበቃል።

እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና መታየቱ የታወቀው እምቦጭ ወደ በዛበት ስትደርሱ ሞተሩን አጥፍታችሁ አንሡት፥ በመቅዘፊያም እለፉ። በጉልበት እለፍ ያለ ሰው ሞተሩን ያቃጥላል። ጉማሬ ባለበት፥ ይልቁንም ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ፥ በጉማሬውና በጥልቁ ውኃ መካከል አትግቡ። የጀልባው ትልቅነት በጉማሬ ዘንድ ዋጋ የለውም።

በረዶ የሚይዝ ሣጥንን ብዙዎች እንደ ቅንጦት ያዩታል። እኔ ግን ከሁለተኛው መረብ በፊት እርሱን ግዙ እላለሁ። ትልቅ ጀልባ በሐይቁ ውስጥ ያለውን ዓሣ አያበዛውም። በሞተር ጀልባ መረብ መጣል በጣና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1986 ገደማ ነው፤ ከዚያ በኋላ በነበሩት ዐሥራ አምስት ዓመታት ውስጥ ወደ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት የነጭ ዓሣ ዓይነቶች በእጅጉ መቀነሳቸውን ተመራማሪዎች መዝግበዋል። እነዚህ ዓሦች በክረምት ወደ ጉማራ፥ ወደ ርብ፥ ወደ ግልገል ዓባይና ወደ ሌሎቹም ወንዞች ይወጣሉ። በወንዙ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው እናቲቱን ከነዕንቁላልዋ ይይዛል። ወቅቱም የእርሻና የአረም ጊዜ ነውና ጀልባው ከሐምሌ እስከ መስከረም ከወንዝ አፍ ቢርቅ ገበሬው የሚጎዳው ነገር ጥቂት ነው። በዚያው ጊዜ ወደ ደረቅ መሬት አውጥታችሁ ገልብጡት፤ የጣውላውን ስንጥቅ በጥጥና በሬንጅ ድፈኑት፥ የተፈታውን ምስማር አጥብቁ።

የልማት ሠራተኞች ሆይ፤ ሚዛንና ሜትር ይዛችሁ ወደ ባሕሩ ዳር ውረዱ። ከላይ የተናገርሁትን የጭነት ፈተና ከገበሬው ጋር አድርጉ፤ ጀልባው ሙሉ ጭነቱን ይዞ በቆመበት ውኃው የደረሰበትን ቦታ በሁለቱም ጎን በምስማር ጫሩ። ጀልባው ወጥቶ ሲደርቅ ጭረቱን ተከትላችሁ በቀይ የዘይት ቀለም ሦስት ጣት ስፋት ያለው መሥመር አስምሩ። ከዚያ ወዲህ ጭነቱ መብዛቱን ለማወቅ ሚዛን አያስፈልግም፤ መሥመሩ ውኃ ውስጥ ከገባ አንድ ነገር ይወርዳል። ቀለሙ በየዓመቱ፥ ጀልባው ለጥገና በወጣ ጊዜ፥ ይታደስ።