ሚሞሪ ላይ የሚጫነው ዘፈን

እሷ፦ ጅማ፣ ሄርማታ ገበያ ዳር ሚሞሪዬን ለዘፈን ገልባጩ ልጅ ሰጥቼ «የድሮ ክላሲካል ጫንልኝ» አልኩት። ቡናዬን ሳልጨርስ ሞላልኝ። ሒሳቡን ከፈልኩ፤ ግን ለማን?

እሱ፦ ለገልባጩ ነዋ! ሌላ መንገድ ግን አለ፤ የሙዚቀኛውን የኃይሉ መርጊያን ካሴት ተመልከቺ። እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ሆኖ አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር ቀዳው። አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ካሴቱን አገኘ። አባዝቶ መቸብቸብ ይችል ነበር፤ እሱ ግን ዋሽንግተን ታክሲ ለሚነዳው ለኃይሉ ደውሎ ተዋዋለ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና አሳተመው።

እሷ፦ ገልባጭ ባይኖር እኮ ስንቱ ካሴት ጠፍቶ ቀርቶ ነበር!

እሱ፦ ማቆየትና መሸጥ ለየቅል ነው። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኙም ለአሳታሚውም የ50 ዓመት ጥበቃ ሰጥቷል።

እሷ፦ እሺ፣ የጅማው ልጅ ፈቃድ ልግዛ ቢልስ? ሙዚቃ ቤቱ ተዘግቷል፣ ውሉ የለም…

እሱ፦ እሱስ እውነትሽን ነው። ግን መጀመሪያ ይደውል!