የቧንቧ ውሃና የዓሣ ኵሬ
(ለገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ቧንቧ ውሃ ነው። ይህ ውሃ ለሰው ጤና ነው፤ ሳይጠነቀቁ በዓሣ ኵሬ ቢጨምሩት ግን መርዝ ይሆናል። አንድ ሰው በጓሮው ኵሬ ቆፍሮ፥ ላስቲክ አንጥፎ፥ የቆሮሶ ጫጩት ገዝቶ ያስገባል። በማግስቱ ጫጩቶቹ ሞተው ተንሳፍፈው ሲያገኛቸው፥ «በሽተኛ ዓሣ ሸጡልኝ» ይላል። ነገር ግን ከሁሉ አስቀድሞ መመርመር ያለበት ውሃው ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የቧንቧ ውሃ የበሽታ ተሕዋስያንን እንዲገድል ክሎሪን ይጨመርበታል። ከቧንቧው አፍ ሲደርስ በ1 ሊትር ውስጥ ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊግራም ያህል ሊቀርበት ይገባል። ይህ ለሰው አይጎዳም። ዓሣ ግን የሚተነፍሰው በስንጥቡ ነው፤ የስንጥቡም ቆዳ እጅግ ስስ ነው። ክሎሪን ይህን ቆዳ ያቃጥለዋል፤ ስለዚህ ዓሣው በውሃ መካከል ሳለ ይታፈናል። ከ0.1 ሚሊግራም ያነሰ እንኳ ሊጎዳው ይችላል። ይህን ያህሉን አፍንጫችሁ ላያሸት ይችላልና «አይሸትም» ብላችሁ አትመኑ።

ምልክቱን እንዴት ታውቃላችሁ? ዓሣው ወደ ላይ ወጥቶ አፉን ይከፍታል፤ ይራወጣል፤ ኋላም ይደክማል። አየር ሲያንሰውም እንዲሁ ያደርጋል። ነገር ግን የአየር ማነስ የሚብሰው ሊነጋ ሲል ነው፤ ፀሐይ ከፍ ስትል ይሻላል። የቧንቧ ውሃ ከተጨመረ በኋላ ወዲያው የመጣ ጭንቀት ግን ክሎሪንን ያስጠረጥራል።

እንግዲህ የሚከተለውን አድርጉ።

አንደኛ፤ የምንጭ፥ የወንዝ ወይም የዝናብ ንጹሕ ውሃ ካላችሁ እርሱን አስቀድሙ።

ሁለተኛ፤ የቧንቧ ውሃ ብቻ ካላችሁ፥ ጫጩቱ ከመምጣቱ በፊት ኵሬውን ሙሉና ለፀሐይና ለነፋስ ክፍት አድርጋችሁ ቢያንስ 2 ቀን አቆዩት። ክሎሪኑ ወደ አየር ይወጣል፤ ፀሐይም ያጠፋዋል። ክዳን ባለው በርሜል የቆየ ውሃ ግን ቶሎ አይለቅም።

ሦስተኛ፤ ጫጩቶቹን በሙሉ ከማስገባታችሁ በፊት ሦስት ወይም አራቱን በኵሬው ውሃ በተሞላ ባልዲ አንድ ቀን ሞክሩ።

አራተኛ፤ የጎደለውን ስትሞሉ ቀድማችሁ ባቆያችሁት ውሃ ጥቂት በጥቂት ሙሉ። አዲስ የላስቲክ ኵሬ ክሎሪኑን የሚያረክስለት ጭቃና ሣር ስለሌለው በተለይ ተጠንቀቁለት።

አምስተኛ፤ ባልዲና መረብ በበረኪና ካጠባችሁ ደጋግማችሁ አለቅልቁ፤ በፀሐይም አድርቁ። የውሃ ጕድጓድ በክሎሪን በታከመ ሰሞን ከእርሱ ቀድታችሁ ወደ ኵሬው አታስገቡ።

የልማት ሠራተኞች ሆይ፤ ውሃው በምን እንደሚታከም የአካባቢውን የውሃ አገልግሎት ጠይቁ። በአንዳንድ አገር ክሎራሚን የሚባል ይጨመራል፤ እርሱ በማቆየት ቶሎ አይለቅም። ለሚቸኵል ሰው ሶዲየም ቲዮሰልፌት የሚባል መድኃኒት አለ፤ በ1 ሊትር 1 ሚሊግራም ክሎሪን ላለበት 1,000 ሊትር ውሃ 7 ግራም ያህል ይበቃል። መጠኑን ግን በመመርመሪያ ለኩ እንጂ በግምት አትጨምሩ።

ጭንቀቱ ከጀመረ የቧንቧውን ውሃ ወዲያው ዝጉ፤ ክሎሪን የሌለበት ውሃ በብዛት ጨምሩ፤ ወይም ዓሦቹን ወደዚያ አዛውሩ።

በመጨረሻ አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ። ይህን ሰምታችሁ የምትጠጡትን ውሃ ማከም እንዳትተዉ። ክሎሪን ልጆቻችሁን ከተቅማጥና ከኮሌራ ይጠብቃል። ለእንስራው ክሎሪን፥ ለኵሬው የቆየ ውሃ፤ ሁለቱን ለይቶ የሚያውቅ ገበሬ ቤተ ሰቡንም ዓሣውንም ያተርፋል።