በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ፦ በሕሙማን ክፍል ይዘጋጅ ወይስ በመድኃኒት ቤት?

(ለሕዝብ ግንዛቤ የቀረበ ንግግር)



በወረርሽኙ ወቅት አንዲት አስታማሚ፣ «ወንድሜ እየተሠቃየ መድኃኒቱን ለማዘጋጀት ይህን ያህል መቆየት ለምን አስፈለገ?» ስትል ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ተገቢ ነበር። የዛሬው ንግግሬ ለእርሷና ለመሰሎቿ የሚሰጥ መልስ ነው።

አስቀድሞ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ኮቪድ-19 የሚመጣው በቫይረስ ነው፤ አንቲባዮቲክ ግን የሚያጠቃው ባክቴሪያን ነው። ስለሆነም ሐኪም አንቲባዮቲክ የሚያዝዘው የባክቴሪያ ሕመም መኖሩን ሲያረጋግጥ ወይም በበቂ ምክንያት ሲጠረጥር ነው። «መርፌ ይሰጠን» ብሎ መወትወት ሕመምተኛውን አይጠቅምም፤ መድኃኒቱን የተላመዱ ባክቴሪያዎች እንዲበራከቱም ያደርጋል።

እንደ ሴፍትሪያክሶን ያሉ ብዙ አንቲባዮቲኮች በብልቃጥ ውስጥ በዱቄት መልክ ይቀርባሉ። ዱቄቱ ለመርፌ በተዘጋጀ ውሃ ከሟሟ በኋላ በሲሪንጅ ወይም በጉሉኮስ መስመር ይሰጣል። በደም ሥር የሚገባ መድኃኒት በቀጥታ ከደም ጋር ስለሚቀላቀል፣ በዝግጅት ጊዜ የገባ ጀርም ለሕይወት የሚያሰጋ ሕመም ሊያስከትል ይችላል።

ዝግጅቱ በሦስት መንገድ ይከናወናል። የመጀመሪያው በአገራችን በስፋት የሚሠራበት ነው፤ ነርሷ በሕሙማን ክፍል አዘጋጅታ ወዲያው ትሰጣለች። ልዩ ክፍል አይጠይቅም። ከተበጠበጠ በኋላ በአንድ ሰዓት ውስጥ መሰጠት ላለበት እንደ አምፒሲሊን ላለ መድኃኒትም ይስማማል። ድክመቱ ክፍሉ ሰው የሚበዛበት፣ ሥራውም በየደቂቃው የሚቋረጥበት መሆኑ ነው፤ ሐሳብ ሲበታተን መጠን ይሳሳታል።

ሁለተኛው በሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት፣ አየሩ በተጣራ ልዩ ሳጥን ውስጥ ማዘጋጀት ነው። ማጣሪያው 0.3 ማይክሮን ስፋት ካላቸው ብናኞች 99.97 በመቶውን ያስቀራል። የፋርማሲ ባለሙያው መጠኑን ያመሳክራል፤ በመድኃኒቱም ላይ የሕመምተኛውን ስምና ሰዓቱን ይጽፋል። መጠናቸው በክብደት ለሚሰላ ሕፃናት ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ሆኖም የማይቋረጥ መብራት፣ ማቀዝቀዣና የሠለጠነ ባለሙያ ይፈልጋል፤ ብዙ መጠን በአንድ ጊዜ ሲዘጋጅም አንድ ስሕተት ብዙዎችን ይጎዳል።

ሦስተኛው በፋብሪካ ተዘጋጅቶ የሚመጣ ነው። የእጅ ንክኪው አነስተኛ ነው፤ ዋጋው ግን ውድ፣ መጠኑም የተወሰነ ነው።

ታዲያ የቱ ይሻላል? ንጹሕ ክፍል ባለበት ሆስፒታል የሕፃናትና ስሌት የሚበዛበት መድኃኒት በመድኃኒት ቤት፣ ቶሎ የሚበላሸው ደግሞ በሕመምተኛው አጠገብ ቢዘጋጅ ይመረጣል። ንጹሕ ክፍል በሌለበት፣ ለዚሁ ብቻ የተለየ ንጹሕ ጠረጴዛ፣ የታጠበ እጅና የሁለተኛ ባለሙያ ምልከታ ብዙ አደጋ ያስቀራሉ። ከሁሉ የከፋው በተራ ክፍል በብዛት በጥብጦ ለሰዓታት ማስቀመጥ ነው። የመድኃኒቱ ኃይል ባይቀንስም የገባው ጀርም ይራባል።

በየትኛውም መንገድ ቢዘጋጅ አሰጣጡ የራሱ ሥርዓት አለው። ሴፍትሪያክሶን ካልሲየም ካለበት እንደ ሪንገር ላክቴት ካለ ፈሳሽ ጋር አይቀላቀልም፤ በተለይ ለጨቅላ ሕፃናት ገዳይ ሊሆን ይችላል። 1 ግራም ቫንኮማይሲን ከ60 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ አይሰጥም፤ ቢፈጥን የደም ግፊትን ሊያወርድ ይችላል።

ስለዚህ አስታማሚዎች ሆይ፣ ነርሷ መድኃኒት ስትበጠብጥ አታነጋግሯት። ሕመምተኛው ለፔኒሲሊን ወይም ለሌላ መድኃኒት አለርጂ ካለበት አስቀድማችሁ ተናገሩ። መድኃኒቱን ከውጭ ስትገዙ ማሸጊያውንና የአገልግሎት ዘመኑን ተመልከቱ። ፈሳሹ ቀስ ብሎ ቢወርድ መቆጣጠሪያውን አትንኩ፤ ባለሙያ ጥሩ። የተረፈ መድኃኒት ለሌላ ቀን ብላችሁ ወደ ቤት አትውሰዱ።

ያቺ እኅት የጠበቀቻቸው ደቂቃዎች እጅ የታጠበባቸው፣ መጠን የተመሳከረባቸው ደቂቃዎች ነበሩ። መዘግየት ሁሉ ቸልተኝነት አይደለም፤ አንዳንዱ የሕመምተኛውን ሕይወት መጠበቂያ ነው።