ሙሽሮች የሚወስኑት መቼ ነው?

እሱ፦ የጥር ሠርግ አልፎ ዐቢይ ጾም ከገባ፣ 55 ቀን ሙሉ እስከ ፋሲካ ሠርግ የለም። ብዙዎቹ የደብረ ሲና የዲኮርና የቪዲዮ ባለሙያዎቻችን ግን ማስታወቂያ የሚለቁት ጥር ከገባ በኋላ ነው።

እሷ፦ ሙሽሮቹ እኮ ቀድመው፣ ገና በነቢያት ጾም ነው የሚወስኑት! ያን ጊዜ ቴሌግራም ሲከፍቱ የሚያገኙት «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚል ፎቶ ነው።

እሱ፦ ታዲያ ምን ይጻፍ ትያለሽ?

እሷ፦ የሚያውቁትን ይጻፉ! ለምሳሌ እዚሁ አጠገባችን ሙሽሮች ለቪዲዮ የሚወጡበት ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጉሙ ድንገት ይመጣል። የአገሩ ቪዲዮ አንሺ ይህን ያውቃል፣ ከአዲስ አበባ የምትመጣው ሙሽራ ግን በቬሎ ብቻ ወርዳ ትንቀጠቀጣለች። «ጋቢ ወይም የመንዝ በርኖስ ያዙ፤ ጣሊያን የሠራው ዋሻ አፍ ላይ አትቁሙ፣ የደሴ መኪና ይበዛበታል» ብሎ አስቀድሞ የጻፈውን ሰው እኔ አምነዋለሁ።

እሱ፦ እኔ ደግሞ ዋጋውም በግልጽ ይጻፍ እላለሁ።

እሷ፦ ወንድሜ፣ ተፎካካሪ ዋጋ ይሰብርብናል ብለው ይፈራሉ።

እሱ፦ ይስበር! ደብረ ሲና ላይ ድንኳን ከነወንበሩ ስንት እንደሚከራይ ያላወቀ ቤተሰብ ደውሎ ከመጠየቅ ይልቅ ዋጋውን ወደጻፈው ይሄዳል።