የቲም ለማሳደግ የተነሳች እህት



ባል የሌላት እህት የቲም ለማሳደግ ስትነሳ «ብቻዋን እንዴት ይሆንላታል?» የሚሉ አይታጡም። እኛ ግን በዝግጅቷ እናግዛት እንላለን።

አንደኛ፣ ሸሪዓችን ነሰብ የሚለውጥ ጉዲፈቻን ከልክሎ ከፋላን ስለወደደ፣ በሱረቱል አሕዛብ 5ኛ አንቀጽ እንደታዘዝነው ልጁ በወለደው አባቱ ስም ይጠራ።

ሁለተኛ፣ የወረሰው ንብረት ካለ ከእርሷ ገንዘብ ሳይቀላቀል ተመዝግቦ ይጠበቅለት።

ሦስተኛ፣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ከሆነ እህቷ በሻፊዒ መዝሀብ መሠረት አምስት ጊዜ አጥግባ ታጥባው። ያን ጊዜ አሳዳጊው የጡት አክስቱ ትሆናለችና ሲጎለምስ መህረሟ ነው።

አራተኛ፣ በሸሪዓ ወራሿ ስላልሆነ ከሀብቷ እስከ ሲሶ ድረስ ወሲያ ትጻፍለት።

የእኛስ ድርሻ? ስትታመም ልጁን የሚይዝላት ጎረቤት፣ ለጁሙዓ ይዞት የሚሄድ ወንድም እንሁናት። አላህ ይወፍቀን፤ አሚን።